ዋናው ገጸ ባሕርይ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ጌም ለሚሠሩ የምርጫ መመሪያ

አይዛክ ክላርክ መሐንዲስ ነው። በ2008 በወጣው «ዴድ ስፔስ» ጌም ውስጥ ከጩኸትና ከማቃሰት በቀር ትንፍሽ አይልም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌሎች በሬዲዮ «እዚያ ሂድ፣ ይህን ጠግን» ይሉታል፤ ይሄዳል፣ ይጠግናል። በ2011 ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ጋነር ራይት የተባለ ተዋናይ ድምፅ ሰጠው። በ2023 የመጀመሪያው ጌም እንደ አዲስ ሲሠራ ያው ተዋናይ ተመለሰና አይዛክ ድሮ በዝምታ ባለፈባቸው ኮሪደሮች እየተናገረ አለፈ። መርከቧ ያችው፣ ጭራቆቹም እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ አዲሱ አይዛክ የተበላሸውን አይቶ መላውን ራሱ ማቅረቡ ነው፤ የድሮው ተላላኪ ነበር።

ስለዚህ «ድምፅ ይኑረው?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ፦ ገጸ ባሕርዩ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የማን ነው? የደራሲው ከሆነ ተዋናይ ይፈልጋል። የተጫዋቹ ከሆነ ተዋናይ መሐል መግባቱ ይጎዳል። ብዙ ቡድን ይህን የሚወስነው ስክሪፕቱ አልቆ ገንዘብ ሲቆጠር ነው፤ ያኔ ረፍዷል። ለዝምተኛና ለተናጋሪ ሰው የሚጻፍ ምልልስ ከመጀመሪያው መስመር ይለያያል፤ አንዱን ወደ ሌላው ማዞር እንደገና መጻፍ ነው።

የሩጫ፣ የመኪና ወይም የእንቆቅልሽ ጌም ለምትሠሩ ጥያቄው ብዙም አይመለከታችሁም። ከዚህ በታች ያለው ሰው ከሰው ጋር ለሚነጋገርበት ጌም ነው።

ዝምታ የሚያስኬደው መቼ ነው

«ሃፍ ላይፍ» በ1998 ሲወጣ ጎርደን ፍሪማንን ዝም አሰኝቶ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእሱ ዓይን ብቻ አሳየ። የምልልስ ምርጫ የሚባል የለም። ተጫዋቹ መልስ የሚሰጠው በእግሩና በእጁ ነው፤ ሰው እያናገረው ዞሮ ግድግዳ ማየት ይችላል። በ2004ቱ ሁለተኛ ክፍል አሊክስ የተባለችው ጓደኛው ዝምተኛነቱን ጠቅሳ ትቀልድበታለች፤ ነገሩ በአንድ መስመር ተነሥቶ በዚያው ተዘጋ። «ፖርታል 2» (2011) ደግሞ ቀልዱን ወደ በተኑ ወሰደው፤ ሮቦቱ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ቼልን «እስቲ ፖም በይ» ሲላት ስክሪኑ ለመናገር ይህን ተጫኑ ይላል፣ ስትጫኑት ቼል ትዘላለች። ዝምታዋ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጌሙ ሕግ የሚታየው ለዚህ ነው።

ዝምታ የሚከሽፈው ታሪኩ መልስ ሲጠብቅ ነው። «ሜትሮ ኤግዞደስ» (2019) ጥሩ ማሳያ ነው። አርትዮም ጌሙ በሚጫንበት ሰዓት በራሱ ድምፅ ይተርካል፤ ስለዚህ መናገር እንደሚችል እናውቃለን። ጨዋታው ሲጀምር ግን ሚስቱና ጓዶቹ ፊቱ ቆመው ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ድምፁ አይሰማም። አንዴ ድምፁን ያሰማችሁትን ሰው መልሳችሁ ድዳ ማድረግ ከሁለቱም ምርጫ የባሰ ነው።

ዝምተኛ ዋና ሰው ርካሽ ነው የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የዳናችሁት ከእሱ መስመሮች ነው፤ ዕዳው ወደ ሌሎቹ ይዞራል። እነሱ የእሱን ድርሻ ጭምር መሸከም አለባቸው፤ ስክሪፕቱን ስታነቡም የሚቀድመው ስሕተት እዚያው ይታያል፦ «ምን አልክ? አትሄድም? እሺ፣ ገባኝ፣ አትፈልግም ማለት ነው» ዓይነት ንግግር። ስልክ ሲያወራ የሌላው ወገን የማይሰማን ሰው የማዳመጥ ያህል ነው። መድኃኒቱ የሌሎቹ ንግግር በጥያቄ እንዳያልቅ መከልከል ነው፤ ጥያቄ ከተጠየቀም ተጫዋቹ በተግባር የሚመልስበትን ነገር መስጠት፦ ዕቃ ማቀበል፣ ራስ መነቅነቅ፣ በሩን ከፍቶ መውጣት። ሁለተኛው መድኃኒት ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እንዲጨቃጨቁ ማድረግ ነው። ዋናው ሰው ሦስተኛ ሆኖ ሲሰማ ዝምታው ማንንም አይቆረቁርም፤ እኛም ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ የምናደርገው እኮ ይህንኑ ነው።

ለዝምታ ምክንያት መስጠትም ይቻላል። በ«ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» (2017) ሊንክ ለምን እንደማይናገር በዜልዳ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የተጣለበትን ኃላፊነት በዝምታ መሸከም እንዳለበት ስለሚሰማው ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ላላገኘው ተጫዋች ምንም አይጎድልበትም፣ ያገኘው ግን የዝምታውን ሁሉ ትርጉም ያገኛል።

ድምፅ የሚያስፈልገው መቼ ነው

ገጸ ባሕርዩ የራሱ ያለፈ ታሪክ፣ የራሱ ጠባይና የራሱ ቂም ካለው ድምፅ ስጡት። የ«ዊቸር» ጌሞች ጌራልት ሰው ሁሉ በስሙና በዝናው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው ጌራልት ምን እንደሚያደርግ እንጂ ማን እንደሆነ አይደለም። «ጂቲኤ 3» (2001) ውስጥ ክሎድ ቃል ሳይናገር ሌሎች ያዘዙትን ወንጀል ሲሠራ ከረመ፤ በዓመቱ በተከታዩ ጌም በ«ቫይስ ሲቲ» ቶሚ ቨርሴቲ በሬይ ሊዮታ ድምፅ መጣና ታሪኩ የራሱ ምኞት ያለው ሰው ታሪክ ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን የ«ሳን አንድሪያስ»ን ዋና ሰው ሲጄን በድምፁ የሚያስታውሰው ሰው ስንት ነው! የክሎድን ስም ግን ጌሙን የጨረሰውም አያውቀው ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ድምፅና ሰፊ ምርጫ አንድ ላይ ሲጠየቁ ነው። «ማስ ኢፌክት» (2007) ይህን የቻለው ነፃነቱን አስቀድሞ በማጥበብ ነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያ ስሙን ይመርጣል፣ ሁሉም ግን የሚጠራው በአባት ስሙ «ሼፓርድ» እያለ ነው፤ ሙያውም ወታደር ሆኖ ተቆርጧል። ለወንዱ ማርክ ሚር፣ ለሴቷ ጄኒፈር ሄል ያንኑ ስክሪፕት ሁለት ጊዜ ቀረጹ። የ«ድራጎን ኤጅ» ተከታታይ ደግሞ ዋጋውን በግልጽ ያሳያል። በ2009 ዋናው ሰው ድምፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሰው፣ ወይም ከተረት ዓለም ዘሮች ኤልፍ ወይም ድዋርፍ ሆኖ ከስድስት መነሻ ታሪኮች አንዱን መያዝ ይቻል ነበር። በ2011 ድምፅ ሲመጣ ምርጫው ከሰው ዘር የሆነ ሆክ ብቻ ሆነ። በ2014 ዘሮቹ ሲመለሱ ለእያንዳንዱ ጾታ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ድምፅ መቅረጽ ግድ አለ።

ከሁሉ በላይ የምንማርበት «ፎልአውት 4» ነው። ከእሱ በፊት በነበሩት ተጫዋቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ይመርጥ ነበር፤ አንዳንዴ አማራጩ ስድስትና ሰባት ይደርሳል። በ2015 ዋናው ሰው ድምፅ አገኘ፤ ሁለቱ ተዋንያን እያንዳንዳቸው ወደ 13 ሺህ መስመር ቀረጹ። አማራጩ ግን በኮንትሮለሩ አራት በተኖች ልክ አራት ብቻ ሆነ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውም ሙሉው ንግግር ሳይሆን አንድ ሁለት ቃል ነው። ተጫዋቹ «ምጸት» የሚለውን ሲጫን ሰውየው ምን ሊል እንደሆነ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ሞድ (ጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) በተጫዋቾች ተሠራ። የድምፁ ሁለተኛ ጣጣ ታሪኩ ላይ ነው፤ ልጁ የተወሰደበት ወላጅ በተሰበረ ድምፅ ይናገራል፣ ተጫዋቹ ደግሞ በዚያው ሰዓት አጥር እየሠራ ቆርቆሮ ይለቅማል። ዝም ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ግጭት ይህን ያህል አይጮህም ነበር። ኩባንያው በ2018ቱ «ፎልአውት 76»ም በ2023ቱ «ስታርፊልድ»ም ዋናውን ሰው መልሶ ዝም አሰኘው።

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት

ትንሽ ጌም እንውሰድ፦ 300 የምልልስ ቦታ፣ በእያንዳንዱ 4 አማራጭ፣ ወንድና ሴት። 300 በ4 ሲባዛ 1,200፣ ለሁለት ድምፅ 2,400 መስመር። አንዱ መስመር በአማካይ 4 ሰከንድ ቢወስድ 9,600 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የተጣራ ድምፅ። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በአንድ ቻናል ሲቀረጽ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በሴኮንድ 96 ኪሎቢት ሲታመቅ ወደ 115 ሜጋባይት ይወርዳል። ጌሙ የስልክ ከሆነና ተጫዋቹ በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ከሆነ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ድምፁን በምዕራፍ ከፋፍላችሁ ሲፈለግ ብቻ እንዲወርድ አድርጉት።

የቀረጻ ፍጥነት በሰዓት 60 መስመር ብላችሁ ብትይዙ 40 የስቱዲዮ ሰዓት፣ ለአንድ ተዋናይ 20 ሰዓት ይሆናል። አራት አራት ሰዓት ቢቀረጽ አምስት ቀጠሮ ነው። በዚያ ላይ ለሚስተካከሉ መስመሮች አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ አስገቡ። የማይቀር ነው፤ ጌሙ ሲሞከር አንድ ተልእኮ ይሰረዛል፣ የአንድ መንደር ስም ይቀየራል፣ ስሙ የተጠራበት 37 መስመር ይበላሻል። በጽሑፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ የነበረው በድምፅ ተዋናዩን መፈለግ፣ ስቱዲዮ መያዝ፣ ያንኑ ማይክሮፎን በዚያው ርቀት መትከል ይሆናል። የድምፅ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው፦ ስክሪፕቱን ያደርቀዋል። ከቀረጻ በፊት ሙሉው ጌም በጽሑፍ ብቻ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ያልተፈተሸ ከሆነ ስቱዲዮ አትግቡ።

ጩኸት፣ ሳል፣ የመመታትና የመሞት ድምፅ የቀጠሮው መጨረሻ ላይ ይቀረጽ፤ ጉሮሮ ከደከመ በኋላ የተቀረጸ ለስላሳ ንግግር አይያያዝም። እንዲህ ያለውን ሥራ ከሁለት ሰዓት በላይ አታስረዝሙት።

ውሉ ውስጥ ድምፁ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን ይውላል ወይስ አይውልም የሚለውን በግልጽ ጻፉ። የአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር ከጁላይ 2024 ጀምሮ የጌም ኩባንያዎች ላይ ወደ አንድ ዓመት የተጠጋ አድማ የመታው በዋናነት በዚሁ ጉዳይ ነው።

ጌሙ በአማርኛ ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል

እስካሁን የተባለው ሁሉ ከውጭ አገር ጌሞች ልምድ የመጣ ነው። በአማርኛ ስትሠሩ ሁለት ነገሮች ይገለበጣሉ።

አንደኛው፣ ዝምታ ከድርብ ቀረጻ አያድናችሁም። እንግሊዝኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ሰው ሁሉ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በአንድ ቀረጻ ማናገር ይችላል። በአማርኛ ግን ሽማግሌው «ደክሞሃል፣ ና ተቀመጥ» ወይም «ደክሞሻል፣ ነይ ተቀመጪ» ማለት አለበት። ተጫዋቹ ጾታ እንዲመርጥ ከፈቀዳችሁ ድምፅ ያላቸው የሌሎቹ መስመሮች ሁሉ ዋናውን ሰው ባነጋገሩ ቁጥር እጥፍ ይሆናሉ። የሚገርመው፣ ዋናው ሰው ራሱ ሲናገር ችግሩ የለም፤ «መጣሁ» ወንድም ሴትም ይለዋል።

ማምለጫዎቹ ሦስት ናቸው። ጾታውን መወሰን የመጀመሪያው ነው፤ ታሪኩ የሚታወቅ ሰው ከሆነ ይህ ይሻላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን ከሰውየው ማሸሽ ነው፤ «ደክሞሃል» በማለት ፈንታ «ድካሙ ፊት ላይ ይነበባል»፣ «ወዴት ትሄዳለህ» በማለት ፈንታ «መንገድ ወዴት ነው?»። ጥሩ ጸሐፊ ከመስመሮቹ ሲሶ ያህሉን ሳያስነቃ እንዲህ ማዞር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከተገፋ ሰዎቹ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማውራት ይጀምራሉ። ሦስተኛው አንቱታ ነው። «ይምጡ፣ ይቀመጡ» ጾታ አይለይም። ለእንግዳ፣ ለባለሥልጣን፣ ለሐኪም፣ ለቄስ የሚሆን ዋና ሰው ካላችሁ ድንቅ መፍትሔ ነው። እናቱ ወይም አብሮ አደግ ጓደኛው አንቱ ሲሉት ግን ተመልካች ይስቃል።

ስምም ያው ጣጣ አለው። ተጫዋቹ የሚጽፈውን ስም ማንም ተዋናይ አስቀድሞ ሊጠራው አይችልም። በ«ፋይናል ፋንታሲ 10» (2001) የዋናውን ልጅ ስም መቀየር ስለሚቻል በጌሙ ሁሉ ማንም በድምፅ አይጠራውም። የ«ፎልአውት 4» ሮቦት ደግሞ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ስሞች ተቀርጸውለታል፤ ይህ ለሀብታም ነው። እኛ ዘንድ «ልጄ» እና «እንግዳ» ለወንድም ለሴትም ይሆናሉ። «ወንድሜ፣ እህቴ» አይሆኑም። ማዕረግ ወይም ቅጽል ስም ከታሪኩ ውስጥ መስጠት ከሁሉም ይቀላል።

ሁለተኛው ለውጥ ለዝምታ የሚያደላ ነው። በእንግሊዝኛ ድምፅ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ጽሑፉ ብቻውን ቃናውን አለመናገሩ ነው፤ «ተቀመጥ» የሚለው ቃል ልመና ይሁን ንቀት ከጽሑፉ አይለይም። በአማርኛ ግን ለአንድ ዳኛ «ይቀመጡ»፣ «ተቀመጥ»፣ «ቁጭ በል» የሚሉ ሦስት አማራጮች ብታቀርቡ ተጫዋቹ የትኛው ጠብ እንደሚያስነሣ ድምፅ ሳይሰማ ያውቃል። ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ራሱ አንድ ትዕይንት ነው። የበተን ቦታ ማጠርም እኛን ብዙ አይጎዳንም፤ «አልሰጥህም» አንድ ቃልም ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ነው። «ፎልአውት 4» በአጭር ፍንጭ የሸፈነውን እኛ ሙሉውን መጻፍ እንችላለንና ፍንጭ አታስገቡ።

ድምፅ ለመቅረጽ ከወሰናችሁ ደግሞ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ስክሪፕቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ፊደላችን አይለየውም። «ይበላል» የሚለው ጅቡ የሚበላ ይሁን የሚበሉት አያስታውቅም፤ «ይመታል»ም እንደዚያው። በፊልም ወይም በመድረክ ተዋናዩ ከዐውዱ ያውቀዋል። የጌም ስክሪፕት ግን የሚቀረጸው በቅደም ተከተል ሳይሆን በተበጣጠሰ ሰንጠረዥ ነው። በተለይ ለተከታታይ ድራማዎች ድምፅ የሰጡ ባለሙያዎችን ከጠራችሁ ልብ በሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሥራ የተካኑ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን እነሱ የለመዱት የሰውየውን አፍና ፊት እያዩ መናገርን ነው። የጌም ተዋናይ የሚያየው ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ከመስመሩ በተጨማሪ እነዚህን ይያዝ፦ ለማን እንደሚነገር፣ ከፊቱ የተነገረው ምን እንደነበር፣ በስንት እርምጃ ርቀት (ሹክሹክታ ይሁን ጥሪ)፣ ተናጋሪው ቆሞ ነው ወይስ እየሮጠ፣ ጠብቆ የሚነበበው ቃል የትኛው ነው። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጉት፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

በጽሑፍ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ የጌም ሞተሮች (ጌም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች) ይዘውት የሚመጡት ፎንት ብዙ ጊዜ ግዕዝ ስለሌለው ባዶ ሣጥን ያሳያችኋል፤ የግዕዝ ፎንት ከጌሙ ጋር አስገቡ። ጽሑፉ ፊደል በፊደል እየታየ የሚመጣ ከሆነም ፍጥነቱን ቀንሱ። ለላቲን በሴኮንድ 30 ፊደል ደህና ነው፤ የእኛ አንዱ ፊደል ሙሉ ቀለም ስለሆነ 12 እስከ 15 ይበቃዋል።

መሐል ላይ ያሉ መንገዶች

በ«ባልደርስ ጌት 3» (2023) ዋናው ሰው በምልልስ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ሜዳ ላይ ሲንቀሳቀስ አጫጭር ነገር ይላል፣ ውስጡ የሚሆነውን ተራኪ ትነግረዋለች። «ዲስኮ ኤሊዝየም» በ2021 ሙሉ ድምፅ ሲጨመርበት የተናገሩት ሌሎች ሰዎችና በዋናው ሰው፣ በመርማሪው፣ ጭንቅላት ውስጥ ያሉ ሐሳቦች ናቸው፤ መርማሪው የሚመርጣቸው መልሶች በጽሑፍ ቀሩ። ከእንግሊዝኛው ዓለም የትኛውን ቅዱ ብንባል ይህን የተራኪ መንገድ እንመርጣለን። በራዲዮ ትረካ ላደገ አድማጭ ተራኪ እንግዳ አይሆንም፤ አንድ ጥሩ ድምፅ ብቻ ይበቃል፣ የተጫዋቹም ምርጫ ነፃ ይቀራል። ተራኪው ግን ዋናውን ሰው «አንተ» እያለ የሚተርክ ከሆነ ወደዚያው የጾታ ጣጣ ትመለሳላችሁ፤ ስለ አካባቢውና ስለ ሌሎች ብቻ ይተርክ።

ያነሰ በጀት ላለው የትንፋሽ ድምፆች አሉ፦ ለዝላይ 6፣ ለቀላል ምት 6፣ ለከባድ ምት 4፣ ለሞት 3፣ ሽቅብ ለመውጣት 5፣ ድካም የሚያሳይ 2። አንዱ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እንዳይሰማ አድርጋችሁ በዘፈቀደ ይጫወቱ። በአንድ ሰዓት ተቀርጾ ያልቃል፤ ገጸ ባሕርዩም አሻንጉሊት መምሰሉ ይቀራል። ከዚህም ያነሰው ጽሑፍ ሲመጣ የሚሰማ «ቡ ቡ» ዓይነት ድምፅ ነው፤ ከ5 እስከ 8 አጫጭር ድምፅ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሴኮንድ አሥረኛ ያነሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በተለየ ቅጥነት።

ከመወሰናችሁ በፊት

የሦስት ደቂቃ ትዕይንት፣ 20 መስመር ያህል፣ በሁለት መልክ ሥሩ። አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ ከቡድናችሁ አንድ ሰው በስልክ በቀረጸው ድምፅ። ለየብቻቸው ለአምስት አምስት ሰው ስጡና ከጀርባ ሆናችሁ ተመልከቱ። ተጫዋቾቹ ጽሑፉን አንብበው ድምፁ ሳያልቅ በተን እየተጫኑ ካለፉ፣ በተለይ ከግማሽ በላይ መስመር ላይ ይህን ካደረጉ፣ የስቱዲዮውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውሉት። ዝም ባለው መልክ ደግሞ «አሁን ምን አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቦታውን መዝግቡ፤ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠየቀ ያ መስመር ለብቻው መጠገን አለበት። ለሙከራ የተቀረጹት ፋይሎች ሁሉ ስማቸው በአንድ ዓይነት ምልክት ይጀምር፤ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት በምልክቱ ፈልጋችሁ እንድታጠፏቸው።